የ2010 ዋንጫና የእኛ መዋጮ

በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር፤ ሰንራይዝ ማነር፣ ላስ ቬጋስ



የመድረኩ መሪ «አሁን ሲስተር የጤና ኮሚቴውን ሪፖርት ታቀርባለች» ብሎ ነው የጠራኝ። ሪፖርቱን አቀርባለሁ። አስቀድሜ ግን ስለ ኳስ ላወራችሁ ነው። ወንዶቹ ፈገግ ስትሉ አየሁ። አትሳቁ፤ ወንድሞቼ ኳስ ሲጫወቱ ልብስና ጫማ ጠባቂ ሆኜ ያደግሁ ሰው ነኝ። ማን በረኛ እንደሆነ፣ ማን ግብ አግብቶ ማን እንደጠፋበት እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ።

በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ የከተማችን ሁለት ክለቦች በየፊናቸው ሄዱ። ጅማ አባ ቡና ከፕሪምየር ሊጉ ወረደ። ስሙን ከጅሬኑ ንጉሥ የወሰደው ጅማ አባ ጅፋር ደግሞ ከመቀሌ ከተማና ከወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲ ጋር ከከፍተኛ ሊግ አደገ። አዲስ ያደገ ክለብ የሚጠበቅበት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተመልሶ አለመውረድ። ዋንጫ የሚጠብቅበት ሰው የለም። ያን ጊዜ ቅዱስ ጊዮርጊስ አራት ዓመት በተከታታይ ዋንጫ ወስዶ አምስተኛውን ሊጨምር ተዘጋጅቷል። ሊጉ በ1990 ዓ.ም. በአዲስ መልክ ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ዋንጫውን ከአዲስ አበባ ያወጣ ክለብ ሐዋሳ ከተማ ብቻ ነበር፤ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም.።

የሆነውን ታውቃላችሁ። በ2010 ዓ.ም. የውድድር ዘመን መጨረሻ አባ ጅፋርና ጊዮርጊስ በእኩል ነጥብ ጨረሱ። የለያቸው የግብ ክፍያ ነበር፤ ዋንጫውም ጅማ ገባ።

እኔ ያን ዕለት ከሌሊት ሥራ እየወጣሁ ነበር። እዚህ ማለዳ ሲሆን እዚያ ጀንበር ልትጠልቅ ነው። የዩኒፎርሜን ኮት እንኳ ሳላወልቅ መኪና ማቆሚያው ላይ ሆኜ ለታናሽ ወንድሜ ደወልኩ። «እቴቴ፣ አሁን አታናግሪኝ፣ ዝም ብለሽ ስሚ» አለና ስልኩን ወደ ሬዲዮው አስጠጋው። ግማሹ ጩኸት ነው፤ ግማሹ የኔትወርክ መቆራረጥ ነው። ከዚያ ወንድሜ ሲያለቅስ ሰማሁ። አባታችን ሲሞት እንኳ ሰው ፊት ያላለቀሰ ልጅ ነው። እኔም መሪውን ይዤ አለቀስኩ። አንዲት ፊሊፒናዊት ባልደረባዬ መስኮቱን አንኳኩታ «ቤተሰብ ደህና ነው?» አለችኝ። «ከተማዬ አሸነፈች» አልኳት። የገባት አልመሰለኝም፤ ግን አቀፈችኝ።

እንግዲህ የምንኖርበት ከተማ የውርርድ ከተማ ነው። ከመካከላችን ካርድ እያከፋፈለ፣ መጠጥ እያቀረበ፣ ቁማርተኛ በታክሲ እያመላለሰ ልጆቹን ያሳደገ ብዙ ሰው አለ። ስለዚህ ደካማ የተባለ ሲያሸንፍ ስናይ ቶሎ የሚመጣልን ቃል «ዕድል» ነው። በእንግሊዝ ሌስተር ሲቲ እ.ኤ.አ. በ2016 በጣሊያናዊው ክላውዲዮ ራኒየሪ መሪነት ሻምፒዮን ሲሆን፣ ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት አወራራጆች አንድ ለአምስት ሺህ ሰጥተውት ነበር። አንድ ፓውንድ ያስያዘ 5,000 ፓውንድ ያገኛል ማለት ነው። ይህን የሰማ ሰው ሎተሪ ይመስለዋል።

ዕድል የለበትም አልልም። ግን አንድ ነገር አስቡት። በግብ ክፍያ ዋንጫ መውሰድ ምን ማለት ነው? ኅዳር ላይ፣ ዝናብ ባበላሸው ሜዳ፣ ብዙ ሰው ባላየው ጨዋታ የገባች አንዲት ግብ በመጨረሻው ቀን ዋንጫ ሆነች ማለት ነው። ቡድኑ እየመራ ሳለ «በቃን» ብሎ ያልተወው አጥቂ፣ ሁለት ለባዶ እየተመራ «ሦስተኛ ቢገባ ምን ይጎዳል» ብሎ ያልተኛ ተከላካይ፣ ያኔ ማንም ያላጨበጨበላቸው እነሱ ናቸው ዋንጫውን ያመጡት። ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ፤ ከኋላ ጋናዊው ግብ ጠባቂ ዳንኤል አጄይ ነበር፤ የሚመራቸው አሰልጣኝ ገብረመድህን ኃይሌ ነበር። ስማቸውን እናውቃለን። ግን ሠላሳውንም ጨዋታ እኩል ቆጥሮ የተጫወተው ሙሉ ቡድን ነው።

ዕድል ብቻ እንዳልነበረ የሚመሰክር ሌላም ነገር አለ። በ2011 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ አባ ጅፋር በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ከግብጹ አል አህሊ ጋር ተገናኘ። በአፍሪካ ከሁሉ የበለጠ ዋንጫ የሰበሰበ ክለብ ነው። ግብጽ ላይ 2 ለ 0 ተሸነፍን። አዲስ አበባ ላይ ግን 1 ለ 0 አሸነፍን። በድምር ውጤት ወደቅን፤ ቢሆንም ከከፍተኛ ሊግ ባደገ በሁለተኛ ዓመቱ አል አህሊን ያሸነፈ ክለብ ነው የኛ ክለብ።

አሁን ወደ ጣሊያን ልውሰዳችሁ፤ ብዙም አልቆይም። ከዓመታት በፊት የማስታምማቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ማን እንደሆኑ አልናገርም፤ ሙያዬ አይፈቅድም። ትውልዳቸው ጣሊያን ነው። እንቅልፍ እምቢ ሲላቸው ስለ ቬሮና ክለብ ያጫውቱኛል። እኔም ስለ ጅማ፣ ጣሊያኖች ሠርተዋቸው ስለሄዱት የፈረንጅ አራዳ ቤቶችና ስለ አባ ጅፋር ዋንጫ አጫውታቸዋለሁ። «እንግዲያው አንቺም የቬሮና ሰው ነሽ» ይሉኝ ነበር።

የቬሮና ነገር እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984/85 የጣሊያን ሊግ የዓለም ኮከቦች የተሰበሰቡበት ነበር። ማራዶና ናፖሊ ገብቶ ነበር፤ ፕላቲኒ ጁቬንቱስ ነበር። ኦስቫልዶ ባኞሊ የሚባል ብዙ የማይናገር አሰልጣኝ ከሦስት ዓመት በፊት ከሁለተኛው ሊግ ተረክቦ ያሳደገው ቬሮና በመጀመሪያው ጨዋታ የማራዶናን ናፖሊ 3 ለ 1 አሸነፈ። ከሳምንታት በኋላ ጁቬንቱስን 2 ለ 0 ሲረታ ዴንማርካዊው ኤልክየር ጫማው ወልቆ በካልሲ ግብ አገባ። ሠላሳ ጨዋታ ተጫውተው የተሸነፉት በሁለቱ ብቻ ነው። የተቆጠረባቸው 19 ግብ ነው። ግንቦት ላይ ቤርጋሞ ሄደው ከአታላንታ ጋር 1 ለ 1 ወጡና ሻምፒዮን ሆኑ። ቬሮና ከዚያ በፊት አልወሰደም፤ ከዚያ በኋላም አልወሰደም።

ሽማግሌው ይህን ተርከው ሲጨርሱ ሁልጊዜ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። «ከአምስት ዓመት በኋላ ወረድን» ይላሉ። እውነት ነው። ቬሮና እ.ኤ.አ. በ1990 ወረደ፤ በ1991 ደግሞ ክለቡ ከስሮ እንደ አዲስ ተቋቋመ። ሌስተርም በ2023 ወረደ።

አባ ጅፋርስ? ዋንጫ ከወሰደ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ከፕሪምየር ሊጉ ወረደ።

ይህን ስናገር ቤቱ ጸጥ አለ። አዎ፣ ያማል። ግን አብረን እንየው። ኦኪኪ ከዋንጫው በኋላ ወደ ግብጹ ኢስማኢሊ ሄደ። አሰልጣኝ ገብረመድህን በሚቀጥለው ዓመት መቀሌን፣ ያንኑ አብሮን ያደገውን፣ መቀሌ 70 እንደርታ በሚል ስም ሻምፒዮን አደረገ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ መድንን ለዋንጫ አበቃ። ይህ ሰው የሚሠራውን ያውቃል። የሄደበት ሁሉ ይሠራል። እኛ ዘንድ የቀረው ፎቶግራፉና ዋንጫው ነው። ዋንጫ በአንድ ዓመት ሊመጣ ይችላል። ዋንጫው ካለፈ በኋላ ደመወዝ የሚከፍል፣ ሜዳ የሚያጭድ፣ ታዳጊ የሚያሠለጥን፣ ስልክ የሚያነሳ ግን በየወሩ መኖር አለበት።

አሁን ወደ ሪፖርቴ ገባሁ።

በዚያው በ2010 ክረምት እዚሁ ሰንራይዝ ማነር ያደረግነውን ስብሰባ ታስታውሳላችሁ? ሰው ሞልቶ በረንዳ ላይ የቆመ ነበር። ልጆቹ የክለቡን ማልያ ለብሰው ይሯሯጣሉ። ከኔሊስ የሚነሱት የጦር አውሮፕላኖች ሲያልፉ ንግግሩ ይቋረጣል፤ እኛ እናጨበጭባለን። ቡናው ሦስቴ ተፈላ። የዚያን ዕለት የተዋጣውን ያህል ማኅበራችን በፊትም በኋላም ሰብስቦ አያውቅም። «እንደ አባ ጅፋር አንድ ትልቅ ነገር እንሥራ» ተባለ። እኔም የጤና ኮሚቴው ሰብሳቢ ሆኜ ተነሳሁና አንድ ሐሳብ አቀረብኩ፤ ከከተማ ወጣ ላለ ለአንድ ጤና ጣቢያ የኦክስጅን ማምረቻ መሣሪያ እንግዛ አልኩ።

መሣሪያው ሲሊንደር አይደለም። የክፍሉን አየር ስቦ ናይትሮጅኑን ያስቀርና ኦክስጅኑን ለበሽተኛው የሚሰጥ፣ ከትንሽ ማቀዝቀዣ የማይበልጥ ማሽን ነው። ኤሌክትሪክ ካለ ሲሊንደር ለመሙላት ከተማ ድረስ መመላለስ ይቀራል። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ዛሬም ጥሩ ነው። መሣሪያውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ጋራዤ ውስጥ ሰክቼ የሞከርኩት እኔ ነኝ። ሪባን ታስሮበት የተነሳውን፣ በዚያ ዓመት መጽሔታችን ሽፋን ላይ የወጣውን ፎቶግራፍ ያነሳሁትም እኔ ነኝ።

ባለፈው ዓመት ታኅሣሥ ለዕረፍት አገር ቤት ገባሁ። አክስቴ፣ እናቴ ከሞተች በኋላ እንደ እናት ያሳደገችኝ፣ የሳንባ ምች ይዟት አገኘኋት። ወደዚያው ጤና ጣቢያ ይዘናት ሄድን። በቦርሳዬ የያዝኩትን የጣት መለኪያ አደረግኩላት፤ 81 አለ። ለማያውቀው፣ ጤነኛ ሰው 95 እና ከዚያ በላይ ነው፤ ከ90 በታች ሲሆን ኦክስጅን ያስፈልገዋል። በደቂቃ አርባ ጊዜ ትተነፍሳለች። እኔ ተደስቼ፣ እግዚአብሔርን እያመሰገንኩ፣ «መሣሪያው አላችሁ አይደል?» አልኩ። ነርሷ፣ ልጄ ልትሆን የምትችል ወጣት፣ ፊቷን ዝቅ አደረገችና መጋዘኑን ከፈተችልኝ።

ነጭ ጨርቅ ለብሶ ጥግ ላይ ቆሟል። ሪባኑ አለ። አልተሰረቀም፣ አልተሰበረም፣ ንጹህ ነው። አይሠራም።

ምን ሆኖ? መሣሪያው የተሠራው ለአሜሪካ ኤሌክትሪክ ነው፤ 115 ቮልት፣ 60 ኸርዝ። የአገራችን 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። እኛ ትራንስፎርመር አብረን ልከናል። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል እንጂ ኸርዙን አይለውጥም፤ ሞተሩ እየተጨነቀ ነው የሠራው። መብራት ሄዶ ሲመጣ በኃይል ይመጣል፤ የኤሌክትሪክ ማረጋጊያ ደግሞ አልላክንም። አራት ወር ሠራ። ከዚያ ትራንስፎርመሩ ተቃጠለ። በየሳምንቱ መታጠብ ያለበትን የአየር ማጣሪያ ማን እንደሚያጥብ አልነገርናቸውም፤ መለዋወጫው ጅማ እንደማይገኝም አላሰብንም። ጋራዤ ውስጥ በደንብ ይሠራ ነበር። ሰንራይዝ ማነር ላይ ማንም ኦክስጅን አልጎደለውም።

ነርሷ አንድ ፋይል አሳየችኝ። ከእርሷ በፊት የነበሩት ባለሙያዎች ሦስት ጊዜ በኢሜይል ጽፈውልናል። «መሣሪያው ቆሟል፣ እባካችሁ ምን እናድርግ» ነው የሚለው። የጻፉት ወደ ማኅበራችን አድራሻ ነው። ጸሐፊያችን በሥራ ምክንያት ሌላ ስቴት ከሄደ በኋላ ያንን ሳጥን የከፈተ ሰው አልነበረም። የጤና ኮሚቴ ሰብሳቢዋ እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን እንኳ «ያ መሣሪያ እንዴት ሆነ?» ብዬ አልደወልኩም። ፎቶግራፉን ግን ቤቴ ሳሎን ሰቅዬዋለሁ።

አክስቴን በኪራይ መኪና ወደ ጅማ ይዘናት ሄድን። መንገድ ላይ እጄን ይዛ «አየር ስጪኝ» ትለኛለች። ከሃያ ዓመት በላይ በሠራሁበት ሙያ ባዶ እጄን ሆኜ እንዲህ ያለ ቃል ሰምቼ አላውቅም። ሆስፒታል ደርሳ ኦክስጅን አገኘች፤ ሐኪሞቹ የቻሉትን ሁሉ አደረጉ። በሁለተኛው ቀን ዐረፈች።

መሣሪያው ቢሠራ ኖሮ ትድን ነበር ብዬ አልነግራችሁም። ዕድሜዋ ገፍቶ ነበር፤ ሕመሙም ከብዶ ነበር። ነርስ ያልለካችውን አትናገርም። የለካሁትን ግን እናገራለሁ፤ እሷ ከተኛችበት አልጋ እስከ መጋዘኑ በር አሥራ አንድ እርምጃ ነው።

ወገኖቼ፣ ይህን የተናገርኩት ልታጽናኑኝ አይደለም። ለቅሶዬን አልቅሻለሁ፤ ብዙዎቻችሁም ቤቴ መጥታችሁ አብራችሁኝ ተቀምጣችኋል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጤና ጣቢያውንም ልወቅስ አይደለም፤ እነሱ ጽፈዋል። የተናገርኩት እኛም ዋንጫ ወስደን የወረድን መሆናችንን እንድናውቅ ነው። በ2010 በአንድ ምሽት ትልቅ ሥራ ሠራን። ለኅዳሯ ጨዋታ ግን አልቀረብንም።

ስለዚህ የጤና ኮሚቴው ለጉባኤው አራት ነገር ያቀርባል።

አንደኛ፣ ከእንግዲህ ለ220 ቮልትና ለ50 ኸርዝ ያልተሠራ፣ መለዋወጫው አገር ውስጥ የማይገኝ መሣሪያ አንልክም። በነጻ ቢሰጠን እንኳ አንልክም። ከመግዛታችን በፊት የሚጠቀሙበትን ሰዎች እንጠይቃለን።

ሁለተኛ፣ የጥገና ሂሳብ ለብቻው እንከፍታለን። እያንዳንዱ አባል በወር 10 ዶላር። ዛሬ በመዝገብ 80 አባላት ነን፤ በዓመት 9,600 ዶላር ይሆናል። ለግብዣም፣ ለአዳራሽም፣ ለመጽሔትም አይነካም። በዓመት አንዴ በስሜት 500 ዶላር ከምትሰጡኝ በየወሩ ሳትረሱ አሥር ብትሰጡኝ እመርጣለሁ። ጥገና በየወሩ ነው።

ሦስተኛ፣ ጅማ ላይ አንድ የሕክምና መሣሪያ ባለሙያ በውል እንይዛለን። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ሙያ ልጆች ያስመርቃል፤ ከዚህ ሰው መላክ አያስፈልገንም። በየሦስት ወሩ ሄዶ ያያል፣ ያጸዳል፣ ይጽፍልናል። የቆመውን መሣሪያም አስመርምረን፣ የሚሠራ ከሆነ እናሠራዋለን፤ የማይሠራ ከሆነ ጨርቁን ገልጠን በትክክለኛው እንተካዋለን።

አራተኛው ገንዘብ አያስወጣም። የማኅበሩን ኢሜይልና ስልክ ሁለት ሰው በየሳምንቱ ይከፍታል፤ አንዱ ቢሄድ ሌላው ይኖራል። የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ። ሁለተኛ ሰው እፈልጋለሁ፤ ቢቻል ከወጣቶቹ።

አንዳንዶቻችሁ በቡና ሰዓት «ሲስተር፣ ማጣሪያና ማረጋጊያ ብለን ሰው ማሰባሰብ አንችልም፤ ሰው ሕንጻ፣ አምቡላንስ፣ የሚታይ ነገር ይፈልጋል» ብላችሁኛል። ልክ ናችሁ፤ ማጣሪያ ሪባን አይታሰርበትም። ግን ኳስ የምታውቁ ሰዎች ናችሁ። ጅማ የዛሬ ስምንት ዓመት ገደማ በምን አሸነፈች? በግብ ክፍያ። በየሳምንቱ በተቆጠረች ትንሽ ነገር። ያንን ዋንጫ አሁንም ስማችን ውስጥ ይዘነው እንኖራለን፤ አባ ጅፋርም አንድ ቀን ተመልሶ ያድጋል፣ እኔ ተስፋ አልቆርጥም። እስከዚያ ድረስ እኛ በእጃችን ያለውን እንጠብቅ።

ፎቶግራፉን ከሳሎኔ አውርጄዋለሁ። ያቺ ወጣት ነርስ የሚሠራ መሣሪያ አጠገብ ቆማ ራሷ አንስታ የምትልክልኝን ፎቶግራፍ በቦታው እሰቅላለሁ። የምዝገባው ቅጽ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው። እስክሪብቶም አለ። ቡናው ሦስተኛው ሳይደርስ ፈርሙልኝ።